ስህተትን መቀበል ምንድን ነው? ልጆችስ እንዴት ይለምዱታል?

ልጅ ሲሳሳት ከአፉ የምንጠብቀው ቃል «ይቅርታ» ነው። አንገቱን ደፍቶ ከተናገረልን ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። ቃሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ለቁጣ ማብረጃ ነው፤ ልጁ ምኑ ላይ እንደሳተ ማወቅ አለማወቁን አይነግረንም። ስህተትን መቀበል ከዚህ ያለፈ ነገር ነው። ልጁ ያደረገውን ሳይደብቅ፣ በወንድሙ ወይም በእርሳሱ ሳያላክክ፣ «እኔ እኮ ደደብ ነኝ» ብሎም ራሱን ሳይሰድብ፣ ነገሩ የት ጋ እንደተበላሸ እስኪገባው ድረስ መለስ ብሎ ማየት መቻሉ ነው።

ይህ አብሮ የሚወለድ ጠባይ አይደለም። ልጆች ስንቆጣም ስናሞግስም ፊታችንን እያነበቡ ይለምዱታል፣ ወይም ይሸሹታል። ስለዚህ ከማረም በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ልጁ ስህተቱን ሊያሳየን ይደፍራል? ያልታየ ስህተት አይታረምምና።

ቪክቶሪያ ታልዋርና ካንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ጥናቱ የተካሄደው በምዕራብ አፍሪካ፣ ዕድሜያቸው 3 እና 4 ዓመት በሆነ የሁለት ትምህርት ቤቶች ልጆች ላይ ነው። በአንደኛው ትምህርት ቤት ያጠፋ ልጅ ይመታል፣ ይቆነጠጣል፤ በሌላኛው ይገሠጻል እንጂ አይመታም። ልጆቹ በየተራ አንድ መጫወቻ እንዳያዩ ተነግሯቸው ብቻቸውን እንዲቀመጡ ተደረገ። በሁለቱም ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ አጮልቀው አዩ። ልዩነቱ የታየው «አየህ ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ነው። ዱላ ባለበት ትምህርት ቤት ካጮለቁት ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ዋሹ። ይባስ ብሎም በቀጣዩ ጥያቄ ውሸታቸው እንዳይነቃ አድርጎ መያዙን ከሌሎቹ ይበልጥ ተክነውበት ነበር። ዱላው ከማጮለቅ አላስቆማቸውም፤ ያሠለጠናቸው በመሸፋፈን ነው።

ይህን ያነበበ ወላጅ «እኔ አልማታም፣ እንዲያውም አሞግሳለሁ» ሊል ይችላል። ሙገሳም ግን ያስደብቃል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ልጆች ቀለል ያሉ እንቆቅልሾችን ሠሩ። ከዚያም ገሚሶቹ በብልህነታቸው፣ ገሚሶቹ በጥረታቸው ተሞገሱ። ቀጥሎ የተሰጣቸው ከበድ ያለ ስለነበር ሁሉም ወደቁ። ሦስተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው ቀላል ነበር፤ በብልህነታቸው የተሞገሱት ግን ከመጀመሪያው ውጤታቸው ዝቅ አሉ፣ በጥረታቸው የተሞገሱት ተሻሻሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ክፍል ነው። ልጆቹ ለማያውቁት የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ውጤታቸውን እንዲጽፉ ሲጠየቁ፣ «ብልህ» ከተባሉት ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ውጤታቸውን ከፍ አድርገው ጻፉ። በጥረት ከተሞገሱት ይህን ያደረጉት 13 በመቶ አካባቢ ናቸው። የሚቀጣቸው ሰው አልነበረም። ነገር ግን ስህተቱ የተሰጣቸውን ስም የሚነጥቃቸው ሆኖ ታያቸው።

ልጁ ስህተቱን ማሳየት ከደፈረ በኋላ ሌላው ሥራ ይጀምራል። ደብተሩ ላይ 52 ሲቀነስ 27 እኩል ይሆናል 35 ብሎ ጽፏል እንበል። በቀይ እስክርቢቶ ኤክስ አድርጎ 25 ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ ግን በማግስቱ 83 ሲቀነስ 46 ሲባል 43 ብሎ ይመጣል። «እስቲ እንዴት እንደሠራኸው አሳየኝ» ብትሉት ምሥጢሩ ይወጣል፦ «ከ7 ላይ 2 ሲነሳ 5፣ ከ5 ላይ 2 ሲነሳ 3»። ልጁ በዘፈቀደ አልሠራም። ሁልጊዜ ከትልቁ አሐዝ ላይ ትንሹን ያነሳል፤ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደተጻፈ አይመለከትም። ምናልባት «ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስም» ሲባል ሰምቶ፣ እንደገባው አድርጎ ያዘው። ስህተቱ የራሱ ሕግ አለው ማለት ነው፤ መታረም ያለበትም ሕጉ ነው። «35 ላይ 27 ደምርና 52 ይመጣ እንደሆነ እየው» በሉት። 62 ሲመጣበት ዓይኑን ያፈጣል። ከማንም ሳይነገረው የሆነ ነገር እንደሳተ ያወቀው ያኔ ነው። ከአሥር ቤት መበደርን ማስረዳት ያለባችሁም በዚያች ሰዓት ነው፤ ጥያቄው አሁን የእሱ ሆኗል።

ለዚህ ነው መልሱን ከመንገር በፊት ልጁ ይሞክር፣ እርግጠኛ ሆኖም ይሳሳት የምለው። ብራዲ በተርፊልድና ጃኔት ሜትካፍ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት፣ ሰዎች በጣም እርግጠኛ ሆነው የተሳሳቱበት ነገር ትክክለኛው መልስ ሲነገራቸው ይበልጥ ይታረማል። ኋላም በልጆች ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ትክክለኛው መልስ ግን መምጣት አለበት። ሳይታረም የተተወ ስህተት የሚያስተምረው ራሱን ነው።

«ስህተት ጥሩ ነው» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙ አያስኬድም። በአሜሪካ ወደ 12,000 በሚሆኑ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ችሎታ በጥረት እንደሚያድግ የሚያስረዳ ከአንድ ሰዓት ያነሰ የኦንላይን ትምህርት ውጤታቸው ዝቅ ያለ ልጆችን አማካይ ውጤት ከ4 ነጥብ ላይ በ0.1 ብቻ ከፍ እንዳደረገ አሳይቷል። ለአንድ ሰዓት መጥፎ አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። የቤት ውስጥ ኑሮ ከዚያ ይበልጥ ይናገራል። ካይላ ሃይሞቪትዝና ድዌክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሥራ፣ ልጆች ስለ ችሎታቸው የሚያምኑት ነገር ወላጆቻቸው ለውድቀት ካላቸው አመለካከት ጋር ይሄዳል። ልጁ ውጤት ይዞ ሲገባ የእናቱ ፊት ቢጠቁር፣ ስለ ጥረት የተነገረው ምክር ሁሉ ከፊቷ ያነሰ ክብደት ይኖረዋል።

በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት ሲሆን ነገሩ ይለያል። የጓደኛውን ሥዕል የቀደደ ልጅ እንዴት እንደሆነ መናገሩ ብቻ አይበቃውም፤ ሊጠግነው ወይም አብሮ ሌላ ሊሥል ይገባል። መካስ ከመቀበል አይነጠልም፤ ማዋረድ ግን የካሳው አካል አይደለም።

ደብተሩን ቀዶ የሚያለቅስ ልጅም አለ። በዚያ ሰዓት ማስረዳት አይሠራም፤ ጆሮው ተዘግቷል። አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ወጥቶ ይጫወት። ሲመለስ ያንኑ ስሌት በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉለትና እስከ የት ድረስ ልክ እንደነበር ጣቱን እንዲያሳርፍበት ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ሄዶ ታገኙታላችሁ።