ባለሙያ የቦርድ አባል ማለት ምንድን ነው?

«ቦርዳችን ውስጥ አካውንታንት ስላለ የሒሳብ ሠራተኛ አንቀጥርም። ነርሷም አረጋውያኑን ቤት ለቤት እየዞረች ታክምልናለች።» ደሴ ላይ አረጋውያንን ስለሚረዳ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አንድ አስተያየት ሰጪ ሰሞኑን ያለው ነው። ለማመስገን ነበር የተነገረው። እንዲህ ያለውን ነገር ግን ደጋግሜ ስለሰማሁት ዛሬ ማለፍ አልቻልኩም።

ባለሙያ የቦርድ አባል ነፃ ሠራተኛ አይደለም። የሚፈለገው ሥራው በደንብ መሠራቱን እንዲያይና ሌላው የማያስበውን ጥያቄ እንዲጠይቅ ነው።

የወሎን አበጋሮች፣ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁትን ሽማግሌዎች፣ አስቡ። ሁለቱንም ወገን ሰምተው ደም ያደርቃሉ እንጂ ካሳውን ከኪሳቸው አይከፍሉም። አገሩን፣ ዘሩን፣ የቆየውን ቂም ማወቃቸው የሚጠቅመው የሚደብቀውን ሰው ለማፋጠጥ ነው። ራሳቸው ባለዕዳ ቢሆኑ ወይም ለአንዱ ወገን የቅርብ ዘመድ ቢሆኑ ፍርዳቸውን ማን ይቀበላል? የቦርዱም አካውንታንት እንደዚያው ነው። ደረሰኙን ራሱ መዝግቦ፣ ቼኩን ራሱ ፈርሞ፣ ሪፖርቱን ራሱ ካጸደቀ ስህተቱን የሚያገኝለት ሰው የለም። ስለ ሌብነት ብቻ አይደለም የማወራው። ታማኝ ሰውም ቁጥር ይገለብጣል።

አስተያየት ሰጪው ወጪ ለመቀነስ ማሰቡ ይገባኛል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም፣ ማለትም ከአባላቱ ውጭ ያሉ ሰዎችን ለመርዳት፣ የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ገቢው ትንሽ ለሆነ ድርጅት ይህ ይጠብባል። ቢሆንም በሳምንት ጥቂት ቀን የሚመጣ የሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር ይቻላል። ቁጥጥርን አጥፍቶ የተገኘ ቁጠባ በኋላ የለጋሽን እምነት ያስከፍላል።

ወደ ነርሷ ልመለስ። ክረምት መጣና የብርድ ልብስ በጀት ቀረበ እንበል። የደሴ ብርድ ስለሚታወቅ ሁሉም እጁን ያወጣል። እሷ ግን «አምና ይመጡ የነበሩት እናቶች ዘንድሮ ለምን ቀሩ?» ብላ ትጠይቅ። ምናልባት የዓይን ሞራ ጋርዷቸው መንገዱን ፈርተው ይሆናል። የዓይን ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ያኔ ቦርዱ ከብርድ ልብሱ ጋር ወደ ዓይን ሐኪም የሚያደርሳቸውን ትራንስፖርትና አብሯቸው የሚሄድ ሰው ያስባል። ይህቺ ጥያቄ የእረፍት ቀኗን ግፊት ስትለካ ከምትውለው ትበልጣለች ባይ ነኝ። መለካት ከፈለገችም ትለካ። ያን ቀን ግን እንደማንኛውም በጎ ፈቃደኛ የምትታዘዘው ሥራ አስኪያጁን ነው።

ኦዲተር ስለሆንኩ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። የቦርድ አባል የዚያኑ ድርጅት ሒሳብ እንደ ውጭ ኦዲተር መመርመር የለበትም፤ በነፃም ቢሆን። አካውንታንት አባል ካላችሁ ሌላ ሥራ ስጡት። ሪፖርት በቀረበ ቁጥር የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያውን፣ ማለትም የድርጅቱ መዝገብና የባንኩ መግለጫ መግጠማቸውን የሚያሳየውን ወረቀት፣ ይጠይቅ፤ ካልመጣ ሪፖርቱ አይጽደቅ።