ሐይቅ ዳር ስለተቀመጣችሁ ብቻ ዓሣው ትኩስ አይሆንም

“እዚህ የሚበላው ዓሣ እኮ ከፊታችን ካለው ውሃ አሁን የወጣ ነው!” ባሕር ዳር ውስጥ ጣና ዳር ባሉ ዘመናዊ ምግብ ቤቶች ወጥ ቤት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ሳልሰማ የዋልኩበት ቅዳሜ ትዝ አይለኝም። እንግዳው ጣቱን ወደ ሐይቁ ይቀስራል፣ ከአዲስ አበባ ይዟቸው የመጣቸው ጓደኞቹ ፎቶ ያነሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ዓሣው አንድ ጥያቄ የሚጠይቅ አይገኝም። ሐይቁን ማየታቸው በቂ መልስ ሆኗቸዋል። የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። የማይጠይቅ እንግዳ ሲበዛ፣ ዓሣውን በአግባቡ ለመያዝ የሚደክም ቤትና ምንም የማይደክም ቤት እኩል ይሸጣሉ። የሚደክመው ለበረዶና ለኤሌክትሪክ የሚያወጣው ገንዘብ ከንቱ ይቀርበታል። ስለዚህ ስለ ዓሣ የምሰማቸውን የተለመዱ አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

“ሐይቅ ዳር ያለ ቤት ዓሣው ሁልጊዜ ትኩስ ነው”

ዓሣው ሳህን ላይ እስኪደርስ ምን እንደሚያልፍ ልንገራችሁ። ብዙው የጣና አጥማጅ መረቡን አመሻሽ ላይ ይጥላል፤ ሲነጋ ያነሳል። መረብ የያዘው ዓሣ ሁሉ እስኪነጋ በሕይወት አይቆይም። ሌሊት ገብቶ የሞተው ዓሣ፣ መረቡ ሲነሳ ከሞተ ሰዓታት አልፈውታል። ከዚያ ታንኳው ወይም ጀልባው ላይ ይጫናል። በብዙዎቹ ላይ በረዶ የለም። ደህናው አጥማጅ እርጥብ ሣር ወይም ቄጤማ ያለብሰዋል፤ ሌላው እንዲሁ ፀሐይ ላይ ይተወዋል። ወደብ ሲደርስ ገዢ ይጠበቃል፣ ይመዘናል፣ ዋጋ ላይ ክርክር አለ፣ ከዚያ በባጃጅ ተጭኖ ወደ ምግብ ቤቱ ይሄዳል። የባሕር ዳርን የረፋድ ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ለዓሣ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ደግሞ “ከፊታችን ካለው ውሃ” የሚባለውም ልክ አይደለም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ከተማው የሚበላው ዓሣ ከቅርብ ዳርቻ ብቻ ሳይሆን ከቁንዝላ፣ ከደልጊ፣ ከጎርጎራ በኩልም ይመጣል። ጎርጎራ ማለት ሐይቁን ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ ማቋረጥ ነው።

ይህን የምለው የሩቁን ዓሣ ለማጣጣል አይደለም። ከጎርጎራ በኩል መጥቶ ከመጀመሪያው በረዶ ውስጥ የተቀመጠ ዓሣ፣ እዚሁ ደጃፋችን ጎህ ሲቀድ ተይዞ እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ከዋለው ይበልጣል። በጣም ይበልጣል! ዓሣን የሚያበላሸው ርቀት አይደለም፤ ሙቀትና ሰዓት ናቸው። ሆድ ዕቃው ወዲያው ወጥቶ በደንብ በረዶ የተደረገበት ቀረሶ (ቆሮሶም፣ ቲላፒያም የሚባለው ነው) ከአሥር ቀን በላይ ለምግብ ደህና ሆኖ ይቆያል። ያለ በረዶ የዋለው ግን በዚያው ቀን ማታ አጠራጣሪ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በረዶውን አክብሮ የሚይዝ ቤት፣ ውሃው ዳር ወንበር ከዘረጋ ቸልተኛ ቤት የተሻለ ዓሣ ሊያበላችሁ ይችላል። ይህን ስናገር ብዙ የከተማዬ ሰው ይቀየመኛል። ይቀየመኝ።

ከዚህ በፊት የሠራሁበት አንድ ቤት ነበር። መብራቱ የሚያምር፣ ወንበሩ ምቹ፣ ከሐይቁ ጥቂት እርምጃ ላይ ያለ። የወጥ ቤቱ ማቀዝቀዣ ግን ማታ ይጠፋ ነበር፣ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ። ጠዋት ስከፍተው ዓሣው ከላዩ የሚያሙለጨልጭ ልጋግ አውጥቶ አገኘዋለሁ። “ቅመም ይሸፍነዋል” ተባልኩ። ከዚያ ቤት የወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዳው ግን ፎቶውን ያነሳ ነበር፤ “ትኩስ ዓሣ” እያለም ይለጥፍ ነበር።

እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ? ሙሉ ዓሣ ስታዙ “ሳይጠበስ ላየው” በሉ። ነውር የለውም። ሥጋ ቤት ገብታችሁ ሥጋውን ሳታዩ አትቆርጡም፤ ዓሣ ላይ ሲሆን ለምን ታፍራላችሁ? ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ መሆን አለበት፤ ጭጋግ የለበሰና የሰመጠ ዓይን ያረጀ ዓሣ ምልክት ነው። የጉንጩን ክዳን ገለጥ አስደርጉ፤ ከሥሩ ያለው መተንፈሻ ደማቅ ቀይ ከሆነ ጥሩ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ይቅርባችሁ። ጎኑን በጣት ጫን ስትሉት ወዲያው መመለስ አለበት። ጉድጓዱ እዚያው ከቀረ ሥጋው ላልቷል። ሽታው የውሃና የሣር እንጂ አፍንጫ የሚመታ መሆን የለበትም። አስተናጋጁ ዓሣውን ለማሳየት ካንገራገረ ሌላ ነገር እዘዙ።

ትንሽ የጭቃ ሽታ ሲኖረው ግን “ተበላሽቷል” ብላችሁ አትመልሱት። እሱ ውሃው ውስጥና ደለሉ ላይ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚሠሩት፣ ጂኦስሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ በሕይወት ያለ ዓሣ ላይም አለ፣ አይጎዳም። ሎሚ ያጠፋዋል።

“ሎሚና ሚጥሚጣ ጥሬ ዓሣን ያበስሉታል”

ሎሚ ማጥፋት የማይችለው ነገር ደግሞ ይኸው። ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጥሬ ዓሣ መብላት የለመደ እንግዳ እዚህ መጥቶ “በሎሚና በሚጥሚጣ ሥሩልኝ፣ ጀርሙን ይገድለዋል” ይለኛል። አንድ ጋሼ ደግሞ አረቄ አስከትለው “አሁን ምን ይተርፋል?” አሉኝ። ትሉ ይተርፋል ጋሼ! ሎሚ የሥጋውን መልክ ይለውጣል፤ የነበረው ብርሃን አሳላፊ ሥጋ ነጭና ጠንከር ያለ ስለሚሆን የበሰለ ይመስላል። ግን አልበሰለም። የአገራችን ሐይቆች ዓሣ ውስጥ፣ ጣናንም ጨምሮ፣ ኮንትራሲኩም የተባለ የትል እጭ ተገኝቷል። ዓሣውን ሙሉ በሙሉ ሳያበስል የሚበላን ሰው ሊይዝ ከሚችል ወገን ነው። ይህን እጭ ሎሚ አይገድለውም፣ ሚጥሚጣ አይገድለውም፣ ከበላችሁ በኋላ የምትጠጡት አረቄም አይደርስበትም።

የሚገድለው እሳት ነው፤ የዓሣው መሐል 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ። ወይም ጥልቅ ቅዝቃዜ ነው፤ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ7 ቀን። በዓለም ላይ ጥሬ ዓሣ በሥርዓት የሚያቀርቡ ቤቶች ዓሣውን አስቀድመው እንዲህ የሚያቀዘቅዙት ለዚህ ነው። ተራ የወጥ ቤት ፍሪዘር፣ በየሰዓቱ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ መብራትም የሚጠፋበት፣ ይህን ቅዝቃዜ ለሳምንት ይዞ መቆየቱን ማንም አያረጋግጥላችሁም። ስለዚህ እኔ ጥሬ ዓሣ አላወጣም። የለመደ ሰው “እስከ ዛሬ ምን ሆንኩ?” ይለኛል። ምን እንደሆነ በምርመራ ያየው የለም።

“ፊሌቶ ከሙሉ ዓሣ የከበረ ነው”

ጽድት ስላለና ዋጋው ስለሚጨምር የከበረ ይመስላል። ፊሌቶ ማለት ግን ዓይኑም፣ መተንፈሻውም፣ ቆዳውም ወጥ ቤት የቀረ ዓሣ ነው። ዕድሜውን የሚነግራችሁ ነገር ሁሉ ተወስዷል። ዝርያውንም አታውቁትም። ቤቱን የማታውቁት ከሆነ ሙሉ ቀረሶ ጥብስ እዘዙ፤ ሥጋው ውስጥ የተሰገሰገ ቀጭን አጥንት ስለሌለው ለመብላትም ቀላል ነው። ነጭ ዓሣ (ባርበስ የሚባለው) ግን ቀጫጭን አጥንቱ ብዙ ነው፤ እሱን በጉላሽ ወይም በኮተሌት መልክ፣ አጥንቱን በትዕግሥት ለሚያወጣ ወጥ ቤት መተው ይሻላል።

ነጭ ዓሣን ካነሳሁ አይቀር፦ “ክረምት ላይ እንቁላል ያዘለው ይጣፍጣል” እያላችሁ ባታስይዙት ደስ ይለኛል። ጣና ከ15 በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ብዙዎቹ በነሐሴና በመስከረም እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ቁጥራቸው ከተመናመነባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በዚያ ወቅት ቀረሶ ብሉ።

“የጣና ናይል ፐርች”

የለም። ጣና ውስጥ ናይል ፐርች የለም! ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ገደማ የሚወርድ ፏፏቴ ነው፤ ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ያንን ዘልሎ ወደ ሐይቁ መውጣት አይችልም። ሜኑ ላይ “ናይል ፐርች ፊሌቶ” ካያችሁ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ከአርባ ምንጭ በኩል፣ ከጫሞ ወይም ከአባያ፣ በመኪና ተጭኖ ግማሽ አገር አቋርጦ መጥቷል፣ ወይ ሌላ ዓሣ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ በረዶው እንዴት እንደነበር ጠይቁ። ሁለተኛው ከሆነ ብዙ ጊዜ አምባዛ (ካትፊሽ የሚባለው) ነው።

“አምባዛ ቆሻሻ ዓሣ ነው”

ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖቴ አልበላም የሚል ሰው አከብረዋለሁ፤ ለእሱም ስል አምባዛን በሌላ ስም የሚሸጡ ቤቶችን አጥብቄ እቃወማለሁ። እንግዳው የማይበላውን ሳያውቅ ማብላት ነውር ነው። “ጭቃ ስለሚበላ ቆሻሻ ነው” የሚለውን ግን አልቀበልም። አምባዛ ትንንሽ ዓሣ፣ ነፍሳትና ዕፀዋት ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ዓሣ ነው፤ ሥጋው ወፍራምና ቅባት ያለው፣ ለወጥ የሚሆን። አየር ከውጭ መሳብ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶ ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወጥ ቤታችን እየተንፈራገጠ የሚደርሰው እሱ ነው። ትኩስነት ፈልጋችሁ አምባዛን መናቅ አይገባኝም።

አጫጭሮቹን ቶሎ ልለፍ።

“ዓሣና ወተት አብሮ ከተበላ ለምጽ ያወጣል።” አያወጣም። ለምጽ የሰውነት መከላከያ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ ዓሣ በወተትና በክሬም የሚሠራበት አገር ብዙ ነው።

“እምቦጭ ስላለ የጣና ዓሣ መርዝ ሆኗል።” እምቦጭ ሐይቁን ይጎዳል፤ ብርሃንና አየር ይከለክላል፣ መረብ ይይዛል፣ አጥማጁን ሥራ ያስፈታል። ዓሣውን ግን መርዝ አያደርገውም።

“ሜኑው ረጅም ከሆነ ቤቱ ትልቅ ነው።” አንድ ወጥ ቤት ፒዛ፣ ክትፎ፣ ፓስታ፣ በርገርና አሥር ዓይነት ዓሣ በአንድ ቀን ትኩስ አድርጎ መያዝ አይችልም። አጭር ሜኑ ያለውን ምረጡ።

“ዓሣው ዘገየ፣ አገልግሎቱ መጥፎ ነው” የሚለው ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሙሉ ዓሣ ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ጨው ገብቶበት እስኪጠበስ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በ5 ደቂቃ የመጣላችሁ ዓሣ ጠዋት ተጠብሶ ቆይቶ ዘይት ውስጥ ድጋሚ የገባ ነው። ታውቁታላችሁም፦ ጅራቱ ጠቁሯል፣ ከጀርባ አጥንቱ ጋር ያለው ሥጋ ደርቆ እንደ ክር ይበጣጠሳል፣ ያደረ ዘይት ይሸታል። አስተናጋጁ ላይ አትጩኹ። ስትመጡ አስቀድማችሁ ዓሣውን እዘዙ፣ ሰላጣውንና መጠጡን በመሐል አድርጉ።

“አጥንት ጉሮሮ ላይ ከቆመ እንጀራ ጠቅልሎ መዋጥ ነው።” ይህን እባካችሁ ተዉት። ጉርሻው አጥንቱን ገፍቶ ይበልጥ ሊሰካው፣ የምግብ ቧንቧውንም ሊቧጭረው ይችላል። ሳል፣ ትንሽ ውሃ ጠጣ በሉት፤ ካልወጣ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተው ወይም ደረቱን ከወጋው ሐኪም ቤት ይሂድ። ጣት ከትቶ ማውጣትም አይጠቅምም።

የመጨረሻው፦ “ዓሣ የሚበላው በጾም ነው።” በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ። እኔ የማውቀው በሁዳዴ 55 ቀን ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው እንደሚሰቀል፣ አጥማጁም ገና ያልደረሰውን ትንንሹን ሁሉ እንደሚያወጣ ነው። ፋሲካ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ዶሮና ወደ በግ ይዞራል። በዚያ ሳምንት ኑ። ወደብ ላይ ገዢ ስለሚቀንስ ደህና ደህናውን መርጠን እንገዛለን፣ ወጥ ቤቱም አይጨናነቅም፤ ዓሣውን ሳይጠበስ አሳዩኝ ስትሉም በደስታ ይዘንላችሁ እንወጣለን።