ሞክሼ ሁሉ ዘመድ አይደለም፦ የአሜሪካ ፖለቲከኞችና የቤተሰብ ስማቸው

ዜና እያየን ነበር። ስለ አሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ስለ ጆንሰን ነው የሚወራው። አጎቴ የቡና ሲኒያቸውን አስቀመጡና "ይሄ የዚያ የድሮው ፕሬዚዳንት ልጅ ነው አይደል?" አሉኝ። አይደለም። ሊንደን ጆንሰን ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ የወለደው ሁለት ሴቶች ነው። አፈ ጉባኤው ማይክ ጆንሰን የሉዊዚያና ሰው ናቸው፤ የቴክሳሱ ሊንደን ልጅ ሊሆኑ አይችሉም።

አጎቴ ላይ አልፈርድም። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። "ከበደ" የሚል ካየን የከበደ ልጅ ነው ብለን እናልፋለን። አሜሪካ ያለ አንድ ሐበሻ ቤት ብትገቡ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ ላስት ኔም ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። እዚያ አገር ግን ላስት ኔም ከትውልድ ትውልድ ሳይቀየር ይወርዳል። በጋብቻ ይመጣል፣ ከእንጀራ አባት ይገኛል፣ አንዳንዴም ሰው ራሱ ይመርጠዋል። ስለዚህ በስም ብቻ ዘመድ ስንቆጥር እንሳሳታለን። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"ሁለቱ ፕሬዚዳንት ጆንሰኖች ይዛመዳሉ"

ይህን የሚያምን ሰው ምክንያት አለው፤ ግጥጥሙ ይገርማል። አንድሩ ጆንሰን የተወለደው በ1808 ነው፣ ሊንደን ጆንሰን በ1908። ሁለቱም የደቡብ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ሴናተር ነበሩ፣ ኋላም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሁለቱም ወንበሩን የያዙት ፕሬዚዳንቱ በጥይት ስለተገደለ ነው፤ አንድሩ በ1865 በሊንከን ቦታ፣ ሊንደን በ1963 በኬኔዲ ቦታ። ዝምድና ግን የላቸውም። አንዱ ከሰሜን ካሮላይና ተነስቶ ቴኔሲ የገባ ልብስ ሰፊ ነበር። ሌላው ቴክሳስ ውስጥ ልጆች ያስተማረ መምህር ነው።

እኔን የሚቆረቁረኝ የዝምድናው ነገር አይደለም፤ ሥራቸው ሲደባለቅ ነው። በ1866 ኮንግረስ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ዜጋ መሆናቸውንና መብታቸውን የሚያረጋግጥ ሕግ አወጣ። አንድሩ ጆንሰን አልፈርምም ብሎ መለሰው። ኮንግረስ እሱን አልፎ አጸደቀው። ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ሰው በሌላ ጉዳይ ተከሶ ሴኔት ፊት ቀረበ፤ ከሥልጣን ሊወርድ አንድ ድምፅ ብቻ ሲቀር ተረፈ።

ሊንደን ጆንሰን ደግሞ በ1964 የዘር መድልዎን የሚከለክለውን የሲቪል መብቶች ሕግ ፈረመ። በማግሥቱ ዓመት የመምረጥ መብት ሕጉን አስከተለ። በዚያው በ1965፣ ኦክቶበር 3 ቀን፣ የነጻነት ሐውልት ባለበት ደሴት ላይ ተቀምጦ አዲሱን የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረመ። የቀድሞው ሕግ ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓ ሰዎች ያደላ ነበር። አዲሱ ያንን ኮታ ሽሮ ለቤተሰብ ቅድሚያ ሰጠ። ዛሬ ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ ያለ ኢትዮጵያዊ ፎርም ሞልቶ እህቱን ሲያስመጣ የሚሄድበት መንገድ የተጠረገው ያን ቀን ነው። እነዚህን ሁለት ሰዎች በስማቸው የተነሳ ማምታታት ለእኔ ቀላል ስህተት አይደለም።

"ጆንሰን ሲቲ የተሰየመችው በፕሬዚዳንቱ ነው"

ሊንደን ያደገባት የቴክሳስ ከተማ ጆንሰን ሲቲ ትባላለች። ግን እሱ ከመወለዱ በፊትም ስሟ ያው ነበር። የተሰየመችው በጄምስ ፖልክ ጆንሰን ነው። እዚህ ላይ ዝምድናው እውነት ነው፤ ጄምስ የሊንደን አያት የወንድም ልጅ ነበር።

"ስማቸው አንድ ከሆነ ወገናቸውም አንድ ነው"

ከ2001 እስከ 2013 ኮንግረስ ውስጥ ሁለት ቲም ጆንሰኖች ነበሩ። አንዱ የሳውዝ ዳኮታ ሴናተር፣ ዴሞክራት። ሌላው የኢሊኖይ ተወካይ፣ ሪፐብሊካን። ቴክሳስም ለዳላስና ለአካባቢዋ ሁለት ጆንሰኖች ልካ ነበር። ኤዲ በርኒስ ጆንሰን ነርስ የነበረች ጥቁር ዴሞክራት ናት። ሳም ጆንሰን ቬትናም ውስጥ ሰባት ዓመት ገደማ የታሰረ የጦር አብራሪ፣ ነጭ ሪፐብሊካን ነው።

"ኤሊኖር ሩዝቬልት ስሙን ያገኘችው ከባሏ ነው"

ኤሊኖር ስትወለድም ሩዝቬልት ነበረች። የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የወንድም ልጅ ናት። በ1905 ፍራንክሊንን ስታገባ አባቷ በሕይወት ስላልነበረ የዳራት ራሱ ቴዎዶር ነው፤ ያኔ በሥልጣን ላይ ነበር። ስሙ ከቤተሰብ ሳይወጣ መቅረቱን እያነሳ ሙሽራውን መርቆታል ይባላል።

ቴዎዶርና ፍራንክሊንም ብዙዎች እንደሚያስቡት አጎትና የወንድም ልጅ አይደሉም። የሚገናኙት ስድስት ትውልድ ወደ ላይ ተቆጥሮ ነው። እኛ አገር ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ሙሽሮቹን ሳያስቸግሯቸው አይቀሩም ነበር፤ በፍራንክሊን በኩል ስድስት፣ በኤሊኖር በኩል ሰባት ነው የሚመጣው።

"ፕሬዚዳንት ፎርድ የመኪናው ፎርድ ቤተሰብ ነው"

ጄራልድ ፎርድ ራሱ በ1973 "እኔ ፎርድ ነኝ፣ ሊንከን አይደለሁም" ብሎ በመኪና ስም ስለተጫወተ (ሊንከንም የመኪና ስም ነው) ወሬው ቢሰፋ አይገርምም። ሰውየው ግን ሲወለድ ፎርድ እንኳ አልነበረም። የመዝገብ ስሙ ሌስሊ ሊንች ኪንግ ትንሹ ነው። እናቱ ከወላጅ አባቱ ተለይታ ጄራልድ ፎርድ የሚባል ሰው አገባች፤ ልጁም በእንጀራ አባቱ ስም አደገ። ሃይስኩል ተማሪ ሳለ ምግብ ቤት ውስጥ ሲሠራ አንድ የማያውቀው ሰውዬ ገባና "አባትህ እኔ ነኝ" አለው። ልጁ ግን ያሳደገውን አባት ስም እንደያዘ ቀረ።

ቢል ክሊንተንም እንደዚሁ። አባቱ ዊልያም ብላይዝ ልጁ ከመወለዱ ሦስት ወር በፊት በመኪና አደጋ ሞተ። ክሊንተን የእንጀራ አባቱ ስም ነው። ስለዚህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ምክትል ፕሬዚዳንት ከነበረው ከጆርጅ ክሊንተን ጋር በስሙ በኩል ምንም አያገናኘውም።

"የሉዊዚያናው ሴናተር ኬኔዲ የእነ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ዘር ናቸው"

አይደሉም። እነ ጆን ኤፍ ዴሞክራት ናቸው፤ እኚህ ግን ስማቸው ጆን ኬኔዲ ሆኖ ሪፐብሊካን ናቸው። ለ30 ዓመት በጠቅላይ ፍርድ ቤት የቆዩት ዳኛ አንተኒ ኬኔዲም ከዚያ ቤት አይደሉም።

"ዋሽንግተን የሚባሉ ፖለቲከኞች የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ልጆች ናቸው"

ጆርጅ ዋሽንግተን ልጅ አልወለደም። በ2000 የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ዋሽንግተን ከሚባሉት አሜሪካውያን 90 በመቶ ያህሉ ጥቁሮች ናቸው። ከባርነት የወጡ ብዙ ሰዎች ስም መያዝ ሲኖርባቸው ይህን ያዙ።

ከእነሱ አንዱ ቡከር የሚባል ትንሽ ልጅ ነበር። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ስም ሲጠራ ልጆቹ ሁሉ ሁለት ሁለት ስም አላቸው። እሱ ያለው አንድ ነው። ተራው እስኪደርስ አሰበና፣ ሲጠየቅ ዝም ብሎ "ቡከር ዋሽንግተን" አለ፤ ሁልጊዜም ሲጠራበት የኖረ ይመስል። ዋሽንግተን የእንጀራ አባቱ የመጀመሪያ ስም ነበር። ኋላ ታስኪጊ የተባለውን ትልቅ ትምህርት ቤት የመራው ያ ልጅ ነው።

በ1983 የቺካጎ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ የሆነውም ሃሮልድ ዋሽንግተን ይባላል። የሂውስተኑ ክሬግ ዋሽንግተን ደግሞ ለእኛ የቀረበ ታሪክ አለው። ኦገስት 1989 ኮንግረስማን ሚኪ ሊላንድ ጋምቤላ አካባቢ ወዳለው የፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ሲበር አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሂውስተን ሰዎች የሱን ወንበር እንዲይዝ የመረጡት ክሬግ ዋሽንግተንን ነው።