የኪውጂአይኤስን መመሪያ በበጎ ፈቃድ ማሻሻል፦ ከባሕር ዳር ሲታይ

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማለት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ የፈለገ ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውና መልሶ ሊያከፋፍለው የሚችል ፕሮግራም ነው። ከኮዱ ጎን መመሪያው አለ፦ አጫጫኑ፣ አጠቃቀሙ፣ ለጀማሪ የተዘጋጁት ልምምዶች። ይህን ጽሑፍ ከሚጽፉት፣ ከሚያርሙትና ከሚተረጉሙት ብዙዎቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ለባሕር ዳር ሰው ቅርብ ከሆኑት እንዲህ ካሉ ፕሮግራሞች አንዱ ካርታ መሥሪያው ኪውጂአይኤስ ነው።

ኪውጂአይኤስን ጋሪ ሸርማን እ.ኤ.አ. በ2002 ጀመረው፤ እትም 1.0 በ2009 ወጣ። ክፍያ ስለማይጠየቅበት የተማሪ ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይጫናል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለ፤ ጣና ራሱ ደግሞ ለካርታ ሠሪ ሥራ የማያልቅበት ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታወቀው እምቦጭ ምን ያህል እንደተስፋፋ ከሳተላይት ምስል ይለካል፤ የሐይቁ ጠርዝም ከክረምት እስከ በጋ አንድ ቦታ አይቆምም።

መመሪያ ለማሻሻል ከሁሉ የሚሻለው ሰው በቅርቡ የተቸገረ ተጠቃሚ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ መንገዱን ስለለመደው ጀማሪ የት ላይ እንደሚሰናከል አይታየውም፤ የአገሩን ሁኔታ የማያውቅ ከሆነማ ጭራሽ አይታየውም።

የድሮዎቹን የኢትዮጵያ ካርታዎች እንውሰድ። የተሠሩት አዲንዳን በተባለው ዳተም (የቦታ ልኬት መነሻ) ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ሌላ ዳተም ይጠቀማል። በሁለቱም ባሕር ዳር የምትገኘው ዩቲኤም በተባለው የካርታ አከፋፈል በዞን 37 ሰሜን ስለሆነ የቦታ መጠቆሚያ ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ፤ ተማሪም ሳያስተውል ያደባልቃቸዋል። በኪውጂአይኤስ የአዲንዳኑ መለያ ቁጥር 20137፣ የደብሊውጂኤስ 84ቱ 32637 ነው። አንዱ በሌላው ምትክ ከተመረጠ ካርታው ከ100 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። ሰፊ ሜዳ ላይ ይህ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል፤ በጣና ዳርቻ ግን የገበሬው ባሕር ሸሽ መሬት ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል። መመሪያው ስለ ፕሮጀክሽን (ክቧን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ስለማስፈር) በአጠቃላይ በደንብ ያስረዳል፤ እንዲህ ያለውን ምሳሌ ሊጨምርበት የሚችለው ግን ስህተቱ የደረሰበት ሰው ነው።

ሌላው የፊደል ጉዳይ ነው። ሼፕፋይል የሚባለው የካርታ መረጃ ፋይል ዓይነት ለአንድ ዓምድ ስም 10 ባይት ብቻ ይፈቅዳል። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ 3 ባይት ስለሚወስድ «የቀበሌ ስም» ብሎ የሰየመ ተማሪ ከሦስት ፊደል በኋላ ስሙ ተቆርጦ ያገኘዋል፤ ራሱ ያጠፋም ይመስለዋል። ጂኦፓኬጅ በተባለው ፋይል ቢያስቀምጠው ችግሩ አይኖርም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ማስጠንቀቂያ ብዙ ሰው ከድካም ታድናለች፤ እንዲህ ያለው ትንሽ እርማት ከረጅም ምዕራፍ አያንስም ባይ ነኝ።

የልምምድ መጽሐፉ ምሳሌዎች በደቡብ አፍሪካዋ ስዌለንዳም ከተማ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። መምህራን የራሳቸውን አካባቢ መረጃ እንዴት እንደሚተኩበት ግን እዚያው ተብራርቷል። ስለዚህ ኦፕንስትሪትማፕ ከተባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ የባሕር ዳርን መንገዶችና ሕንፃዎች አውርዶ ልምምዱን በዩኒቨርሲቲው በፔዳና በፖሊ ግቢ ዙሪያ ማዘጋጀት ይቻላል። ተማሪ የሚያውቀውን መንገድ ስክሪን ላይ ሲያይ ስህተቱን ራሱ ይይዛል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጽሑፉ ጊትሃብ በተባለው የጋራ ሥራ ድረ ገጽ ላይ ይቀመጣል፤ ስፊንክስ የተባለው መሣሪያ ወደ ድረ ገጽ ይለውጠዋል። ጉድለት ያየ ሰው መጀመሪያ ያሳውቃል፤ ቀጥሎ እርማቱን ጽፎ በፑል ሪኩዌስት (እርማቱ እንዲገባ በሚቀርብ ጥያቄ) ይልካል፤ ነባር አባላት አይተው አስተያየት ይሰጡበታል፣ ላኪው ያስተካክላል፣ እርማቱም ወደ መመሪያው ይገባል። ፕሮግራሙ አዲስ ነገር ሲጨመርበት መመሪያ እንደሚያስፈልገው ስለሚመዘገብ ሥራ የሚፈልግ ሰው ዝርዝሩን ማየት ብቻ ይበቃዋል። ኮድ መጻፍ አይጠበቅበትም። እንግሊዝኛው ጥርት ያለ ባይሆንም ግድ የለም፤ ሐሳቡ ትክክል ከሆነ ቋንቋውን ገምጋሚዎቹ ያቃኑለታል።

ኔትወርክ ትልቁ እንቅፋት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ መብራት መጥፋቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈጠረው ጊት፣ ማለትም ጊትሃብ የቆመበት የለውጥ መመዝገቢያ ፕሮግራም፣ ግን ለዚህ ይመቻል። መመሪያው ከነሙሉ ታሪኩ አንድ ጊዜ ላፕቶፕ ላይ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ሳምንታት መጻፍ፣ እርማቱን ደረጃ በደረጃ መመዝገብ ይቻላል፤ መስመር ሲመጣ በጥቂት ሜጋባይት ይላካል። የአንድን ሰው ቅጂ በፍላሽ ለጓደኛ ማስተላለፍም ይቻላል፤ ጓደኛውም ከዚያው ይቀጥላል።

ፍላሽ ላይ የሚቀር ሥራ ግን ያሳዝናል። መምህራን ለክፍላቸው ያዘጋጁት ግሩም ሃንዳውት ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ከርሞ የፕሮግራሙ እትም ሲቀየር ያረጃል። ያው ጽሑፍ ወደ ዋናው መመሪያ ቢገባ ሌሎች እያደሱት ይኖራል። መመሪያው በነፃ ፈቃድ የወጣ ስለሆነም መምህሩ ምንጩን ጠቅሶ መልሶ አትሞ ለክፍሉ ቢያድለው የሚከለክለው የለም።