በዳንስ ውድድር ከዳኞች አንደኛ የወጡት ጥንዶች ለምን ይሰናበታሉ?

አራት ኪሎ ቡና ይዘን ስናወራ ይሄ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። «ዳኞቹ ያደነቋቸው እንዴት ይወርዳሉ? ተጭበርብሮ ነው!» አልተጭበረበረም። ታዋቂ ሰዎች ከባለሙያ ዳንሰኞች ጋር ተጣምረው በሚወዳደሩበት የእንግሊዙ የቢቢሲ ፕሮግራም፣ ስትሪክትሊ ከም ዳንሲንግ፣ ደንቡ እንዲህ ነው።

አራት ዳኞች እያንዳንዳቸው ከ10 ይሰጣሉ፤ ድምሩ ከ40 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጥንዶቹ 39 ቢያመጡም 39ኙ በቀጥታ ከተመልካች ድምፅ ጋር አይደመርም። መጀመሪያ ወደ ደረጃ ነጥብ ይቀየራል። የተመልካቹም ድምፅ እንደዚያው።

አራት ጥንዶች ቀሩ እንበል። አንደኛ የወጣ 4፣ ሁለተኛ 3፣ ሦስተኛ 2፣ መጨረሻ የሆነ 1 ነጥብ ያገኛል። «ሀ» ከዳኞች 4፣ ከተመልካች 1 አገኙ፤ 5። «ለ» 3 እና 3፤ 6። «ሐ» 2 እና 4፤ 6። «መ» 1 እና 2፤ 3። አያችሁ? ዳኞቹ አንደኛ ያሏቸው «ሀ» ከ«መ» ጋር ታች ወደቁ! ድምር እኩል ሲሆን ደግሞ የተመልካች ድምፅ የበለጠላቸው ይቀድማሉ።

ሁለቱ ዝቅተኞች እንደገና ይደንሳሉ፤ ማን እንደሚሰናበት ዳኞቹ ይወስናሉ። በፍጻሜው ግን የዳኞች ነጥብ ለመረጃ ያህል ነው። አሸናፊውን የሚመርጠው ተመልካቹ ብቻ ነው።

ይህንን ከአሜሪካው ተመሳሳይ ውድድር፣ ከዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ ጋር አታደባልቁት። እዚያ ደንቡ በየጊዜው ተቀያይሯል። በ2018 እ.ኤ.አ. የሬዲዮ አቅራቢው ቦቢ ቦንስ በዝቅተኛ የዳኞች ነጥብ አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ዳኞች ከሁለቱ ዝቅተኞች አንዱን የሚያድኑበት አሠራር ገባ።