ከቦምቡ በኋላ ያለው ጓዳ፦ የኒውክሌር ጦርነት ልብ ወለድ ከአዲስ አበባ መሀል ሲነበብ

ከኒውክሌር ጦርነት የተረፉ ተራ ሰዎችን ኑሮ የሚተርክ ልብ ወለድ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። ከሂሮሺማ ወዲህ የመጣ ሲሆን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹና በ1980ዎቹ በጣም ደምቋል። ባለታሪኮቹ ጄኔራሎች አይደሉም። ጡረተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ ገበሬ፣ አስተማሪ ናቸው። ቦምቡ ራሱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ገጽ አያልፍም። የቀረው ስለ ውሃ፣ ስለ ዱቄት፣ ስለ መድኃኒት፣ ጎረቤትን ስለ ማመንና ስለ መጠራጠር ነው።

መሀል አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ቴአትርና ለገሃር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ሲያገላብጡ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልፎ አልፎ እጅ ይገባል። ሽፋኑ ላይ እንደ እንጉዳይ የተነሳ ጭስ ይኖረዋል። ሽፋኑን አትመኑት። ውስጡ ያለው የጓዳ ታሪክ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ በጣም የሚቀርበው የጃፓናዊው ደራሲ የማሱጂ ኢቡሴ «ጥቁር ዝናብ» ይመስለኛል። በ1965 እ.ኤ.አ. በመጽሔት በተከታታይ መውጣት የጀመረ ነው። ርዕሱ ከእውነት የተወሰደ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ከተጣለ በኋላ ጥቀርሻና ጨረር የተሸከመ ጥቁር ዝናብ ዘነበ። ውሃ ጥሙ ጠንቶበት የጠጣውም ሰው ነበር። ልብ ወለዱ የሚጀምረው ግን ከዓመታት በኋላ፣ በጋብቻ ጉዳይ ነው። አንድ አጎት ከእሱ ጋር የምትኖረውን ልጅ ሊድር ይፈልጋል። የሚያጭ በመጣ ቁጥር «ልጅቷ እኮ የጨረር በሽታ አለባት» የሚል ወሬ ይቀድማል። አጎትየው ጤነኛ መሆኗን ለማስረዳት የዚያን ሰሞን የዕለት ማስታወሻዎች መገልበጥ ይጀምራል። መድረሻው እሱ እንዳሰበው አይሆንም። እኛ አገር ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ይህን ወሬ ያውቀዋል። በሽታው ይለያይ እንጂ «በዘራቸው አለ» የምትለዋ ሹክሹክታ አንድ ናት።

የእንግሊዞቹ ሥራዎች ከዚህ ይልቅ ጨካኝ ናቸው። በ1982 እ.ኤ.አ. ሬይመንድ ብሪግስ በሥዕል የተረከው ታሪክ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስትን ይዟል። መንግሥት ያደለውን ወረቀት ታዝዘው በር ነቅለው ግድግዳ ላይ ያስደግፋሉ፤ መጠለያ መሥራታቸው ነው። ከዚያ ቁጭ ብለው እርዳታ ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለ የመንግሥት መመሪያ በእርግጥም ታትሞ ነበር። «ስሬድስ» የተባለው የ1984 እ.ኤ.አ. የቢቢሲ ፊልም ደግሞ ሼፊልድ ውስጥ ትዳር ሊይዙ ቤታቸውን ከሚያሳምሩ ወጣቶች ይነሳና ከጦርነቱ በኋላ 13 ዓመት ይሄዳል። መጨረሻው ላይ የሚታዩት ልጆች ቋንቋቸው ሳይቀር ተሸራርፏል። ብቻችሁን ባታዩት ይሻላል። አሜሪካ ውስጥ ኅዳር 1983 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን የቀረበውን «ዘ ዴይ አፍተር» 100 ሚሊዮን ያህል ሰው አይቶታል። ፕሬዚዳንት ሬገንም ፊልሙ በጣም እንዳስጨነቃቸው በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈዋል።

ቦምብ ያልወደቀበት ከተማስ? ይህን ጥያቄ የያዘው የኔቪል ሹት የ1957 እ.ኤ.አ. ልብ ወለድ ነው። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ አልቋል። ሜልበርን ግን አንድም ግንብ አልፈረሰባትም። ሰዎቿ ነፋስ የሚያመጣውን ጨረር እየጠበቁ ሥራ ይገባሉ፣ የማያዩትን አበባ ይተክላሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በመጽሐፉ ስሌት እኛ ከእነሱ ቀድመን እናልቃለን። የኋላ ሳይንስ ግን ከሩቅ ለሚኖር ሰው ትልቁ አደጋ ጨረሩ ሳይሆን ረሃቡ ነው ይላል።

እዚህ ላይ የአማርኛው ቃል ራሱ ይጣላናል። በ1983 እ.ኤ.አ. ካርል ሴጋን ያለበት የሳይንቲስቶች ቡድን አንድ ስሌት አሳተመ። ከተሞች ሲቃጠሉ ጥላሸቱ ከደመና በላይ ይወጣል። እዚያ ዝናብ ስለማያጥበው ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ፀሐይን ይጋርዳል። ምድር ትቀዘቅዛለች። ይህ ሁኔታ በእኛ ቋንቋ «የኒውክሌር ክረምት» ይባላል። ለአዲስ አበባ ሰው ግን ክረምት ማለት ጭቃ፣ ጃንጥላ፣ የተጠበሰ በቆሎ ነው። ዝናብ ማለት ነው። የኒውክሌሩ ክረምት ደግሞ ዝናቡን የሚወስድ ነው። የእኛ ክረምት የሚገባው የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲሳብ ነው። ሰሜኑ ከቀዘቀዘ ቀበቶው ደቡብ ይቀራል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1783 እ.ኤ.አ. አይስላንድ ውስጥ ላኪ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ያን ያህል ርቀት ተሻግሮ የዓባይ ውሃ ቀንሶ ነበር፤ ግብፅም ተርባለች። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአሜሪካና በሩሲያ መካከል ሙሉ የኒውክሌር ጦርነት ቢነሳ ከ5 ቢሊዮን በላይ ሰው በረሃብ ሊሞት እንደሚችል ገምቷል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ቦምብ ሳያዩ የሚሞቱ ናቸው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የሚቆም ልብ ወለድ ከሼፊልዱ ጋር አይመሳሰልም። ሼፊልድ ውስጥ መብራቱ በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። እዚህ ግን አብዛኛው ኤሌክትሪክ ከውሃ ኃይል ስለሚመጣ አምፖሉ መጀመሪያ ላይ ሊበራ ይችላል። ቀድሞ የሚቆመው ታክሲው ነው። ነዳጁ በሙሉ ከውጭ፣ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው። ማዳበሪያውም እንዲሁ። የስኳር በሽተኛ ኢንሱሊኑን ፍለጋ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ በእግሩ ይዞራል። የቧንቧ ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል፤ ግድቡ ግን ዝናብ ይፈልጋል። ጤፍ የራሳችን ነው። እስከ መቼ? እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ አለ። ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደገና ትልቅ ሰው ይሆናሉ። በዕድሜ ገፋ ያለ አንባቢ ብዙውን ገጽ እያወቀው ያነባል፤ በደርግ ጊዜ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ወስዷላ። የ1977ቱንም ረሃብ አይረሳም።

ከሰማይ የሚወርድ ሞትም ለእኛ አዲስ አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው ጣሊያን በአውሮፕላን ያዘነበችውን የመርዝ ጋዝ ለዓለም ተናግረዋል። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኒውክሌር መሣሪያ መጠቀም ቻርተሩን የሚጥስ ነው ብሎ ሲያውጅ ውሳኔውን ካቀረቡት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። 55 አገር ደገፈ፣ 20 ተቃወመ፣ 26 ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ። ያን ጊዜ አፍሪካ ጉዳዩን በወሬ ብቻ አልነበረም የምታውቀው፤ ፈረንሳይ በ1960 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ቦምቧን የሞከረችው ሰሃራ ላይ ነው። አህጉሩን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ የሚያደርገው የፔሊንዳባ ስምምነት በ1996 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ተፈርሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ።

በአማርኛ የሚነገር የቅርብ ሥራ «ክራምስ» ነው፤ የ2015 እ.ኤ.አ. ፊልም። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ሲሆን መሪ ተዋናዩ ዳንኤል ታደሰ ነው። ከትልቁ ጦርነት በኋላ ያለ ዘመን ነው። የዛሬው የፕላስቲክ አሻንጉሊት እዚያ እንደ ቅርስ ይከበራል፤ ዋጋውንም የሚገምት ነጋዴ አለ። ቀልዱ ደረቅ ነው፣ ታሪኩም ቀጥ ብሎ አይሄድም። እኔ ወድጄዋለሁ። ግን የአዲስ አበባ ከተማ ታሪክ አይደለም።

ከተማው ቢገባበት መጀመሪያ የምጠብቀው እድሩን ነው። በእንግሊዞቹ ታሪክ ሬሳ የሚያነሳ ይጠፋል፤ ሁሉም በየቤቱ ተዘግቶ ይሞታል። እዚህ ግን የስም መዝገብ አለ፣ ድንኳን አለ፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለ። ቀብር የቀረ አባል ቅጣት ይከፍላል። በሳምንት ሦስት አራት ቀብር ሲሆን ቅጣቱ ይነሳ ይሆን? ወርሃዊ መዋጮው በብር ይሁን በጤፍ? የለቅሶ ንፍሮስ ከየት ይመጣል? ዳኛው መዝገቡን ገልጦ ስም መጥራት ሲጀምር፣ ማን አቤት ይላል?