ፌይን «የሞተች ሚስት ብቻ» ለምትሏት

«ፌይ? እሷ እኮ ጨዋታው ሳይጀምር ሞታለች፤ ምን ሚና አላት?» የሬዲዮ ድራማ አጻጻፍ በማስተምርበት ክፍል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የወጣውን «ጎድ ኦፍ ዋር» የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ባነሳሁ ቁጥር ይህ ጥያቄ አይቀርልኝም። ጠያቂዎቹ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው የተጫወቱ መሆናቸው ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል።

ለማያውቁት፦ ፌይ የክራቶስ ሚስት፣ የአትሬየስ እናት ናት፤ ክራቶስና ልጁ አትሬየስ አስከሬኗን አቃጥለው፣ አመዷን ከዓለማት ሁሉ ከፍተኛ ከሆነው ተራራ ላይ ለመበተን ይጓዛሉ። ኑዛዜዋ ነው። ፊቷን አናይም።

«የጉዞው ሰበብ ናት፣ በቃ» ይሉኛል። እስቲ ዛፎቹን እንመልከት። አስከሬኗ የሚቃጠልባቸውን ዛፎች በወርቃማ የእጅ አሻራ ምልክት ያደረገችባቸው ራሷ ናት። እነዚያው ዛፎች ቤታቸውን ከአማልክት ዓይን የሚሰውሩ አጥር ነበሩ። ክራቶስ እንጨት የቆረጠ መስሎት አጥሩን አፈረሰ፤ ከአማልክቱ አንዱ የሆነው ባልዱርም በሩን አንኳኳ። ባልዱር የመጣው ክራቶስን ፍለጋ ነው የምትሉም ተሳስታችኋል። ክራቶስን ባየ ጊዜ ግዙፍ ሰው ጠብቆ እንደነበር ይናገራል። የሚፈልገው የግዙፋኑን ዘር ፌይን ነበር፤ መሞቷን አላወቀም።

ኑዛዜዋም ቢሆን ተራ አይደለም። አባትና ልጅ በሰዎች ዓለም በሚድጋርድ ያለውን ተራራ ወጥተው ጨረስን ሲሉ፣ ከፍተኛው ጫፍ ያለው በግዙፋኑ ምድር በዮቱንሃይም መሆኑን ጥበበኛው ሚሚር ይነግራቸዋል። እዚያ ሲደርሱ የሄዱበት መንገድ በሙሉ ግድግዳው ላይ ተሥሎ ያገኙታል። ክራቶስ የዚያን አገር ፊደል አያነብም፤ የሚያነብለት ልጁ ነው። ልጁን ያስተማረችው ማን ሆነችና?

አንድ ፕሮዲውሰር «ድምፅ የላትም፣ ምን ትሠራለች?» ብሎ ሟቿን አያት ከድራማዬ አስወጣኝ። በማግስቱ ወንድማማቾቹ ለምን እንደሚጣሉ አልገባኝም አለኝ፤ የሚጣሉት በውርሷ ነበር።

ሌሎቹ ስህተቶች ብዙ አያደክሙም። ክራቶስ የሚዋጋበት መጥረቢያ ለእሱ የተሠራ አይደለም፤ ድንክዬዎቹ አንጥረኞች ብሮክና ሲንድሪ የሠሩት ለፌይ ነው። «ላውፊ የሎኪ አባት ነው» የሚሉት ደግሞ የልዕለ ጀግና ፊልም ያሳሳታቸው ናቸው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሰን በጻፈው መሠረት ላውፊ እናቱ፣ ፋርባውቲ አባቱ ነው። ጨዋታው ይህን ጠብቆታል፤ በእሱ ላውፊ የፌይ፣ ሎኪ ደግሞ የአትሬየስ ሌላ ስም ነው። «እስከ መጨረሻ አትታይም» የሚለው ለ2018ቱ ጨዋታ እንጂ በ2022 ለወጣው ተከታዩ፣ ለራግናሮክ፣ አይሠራም፤ እዚያ በክራቶስ ሕልም ትመጣለች።

ድራማ ለምትጽፉ ግን ዋናው ትምህርት ሌላ ነው። ለሟች ገጸ ባሕርይ ሐውልት አታቁሙ፤ ሥራ ስጧት። የሚፈጸም ኑዛዜ፣ ከእጅ የማይለይ ዕቃ፣ ያስተማረችው ሰው ይኑራት። ሁለቱ የቀሩት ደግሞ በእሷ ጉዳይ ይጋጩ። አትሬየስ አባቱ ያላዘነ ይመስለዋል፤ ክራቶስ ዝምታውን ሐዘን እንደማጣት እንዳይቆጥርበት ይነግረዋል። ሁለቱም አንዲት ሴት እያሰቡ አይግባቡም፤ እንዲህ ያለውን ትዕይንት በሕይወት ያለች ተዋናይት ብትጨመርበት ያበላሸዋል። በትዝታ ብልጭታ ለማሳየትም አትቸኩሉ፤ ተማሪዎቼ ፈተና ላይ የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ለተጫዋቾች ደግሞ፦ ጀልባው ላይ የሚወራውን ለማለፍ አትሩጡ። ወደብ ደርሳችሁ ወሬው ቢቋረጥ እንኳ፣ ተመልሳችሁ ስትሳፈሩ ሚሚር ካቆመበት ይቀጥልላችኋል።